«ፋሺስት የጻፈውን ይዘህ ትመጣለህ?» ለሚል ትችት ምን ይመለሳል

ጥያቄው ረዘም ስለሚል ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂው ድሬ ያደገ የታሪክ ማስተርስ ተማሪ ነው። ፔፐሩ በሐረር አሚሮች የዘመን ቅደም ተከተል ላይ ነው፣ አሊ ኢብን ዳውድ በ1647 ከመሠረተው ቤት ተነስቶ ምኒልክ ሐረርን እስከያዘበት እስከ ጨለንቆ ጦርነት፣ እስከ 1887 ድረስ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ዋና ምንጩ ጣልያናዊው ኤንሪኮ ሴሩሊ ነው። ሴሚናር ላይ ሲያቀርብ አንድ አንጋፋ ምሁር ተነስተው «ሴሩሊ የፋሺስት ገዢ ነበር፣ ፋሺስት የጻፈውን ይዘህ ትመጣለህ? ደሞ የከዚራ ልጅ ስለ ጀጎል ምን ያውቃል» አሉት (ከዚራ የድሬ ሰፈር ነው፣ ጀጎል በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ነው)። እሱም «ይሄ አድ ሆሚነም (ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መምታት) ነው፣ ለመሆኑ እርስዎ አርቲክል ካሳተሙ ስንት ዓመት ሆነዎት» ብሎ መለሰ፣ አዳራሹ ተንጫጫ፣ ሰብሳቢው ሰዓት አልቋል ብሎ ዘጋው። አሁን የሚጠይቀው፦ የሳቸው ንግግር ፋላሲ (የተሳሳተ የክርክር መንገድ) ነው ወይስ አይደለም፣ የምንጭን ማንነት መጠየቅ ሁሉ ፋላሲ ከሆነ ታሪክ እንዴት ይሠራል፣ ሪቪዥኑን (የታረመውን ፔፐር) ሳስገባስ ምን ልጻፍ፣ ሰውየውንስ ለዲፓርትመንቱ ልክሰስ ወይ ነው።

ወንድሜ፣ ድሬ ላይ ሎጂክም የታሪክ ሜተዶሎጂም ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጥያቄህ የልቤን ነው የነካው፣ ምክንያቱም በየሴሚናሩ ጎበዝ ልጆች የሚሰበሩት እዚችው ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀጥታ መልሱን ልስጥህ። «የከዚራ ልጅ ስለ ጀጎል ምን ያውቃል» ያሉት ፋላሲ ነው፣ ማለባበስ አያስፈልገውም። «ሴሩሊ የፋሺስት ገዢ ነበር» ያሉት ግን ግማሹ ፋላሲ ነው፣ ግማሹ ደሞ እውነተኛ የታሪክ ጥያቄ ነው፣ አንተ ሁለቱን ሳትለያይ ጠቅልለህ ስለወረወርከው ነው ነገሩ የተበላሸው። ያንተ መልስስ? እሱም ያው ፋላሲ ነው፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

መለያው እንዲህ ነው። አንድ ሰው «እመኑኝ» ሲልህ ማንነቱን መጠየቅ መብትህ ብቻ ሳይሆን ግዴታህ ነው፣ ምክንያቱም በእጅህ ያለው ማስረጃ እሱ ራሱ ነው፣ ውሸታም ከሆነ፣ ጥቅም ካለው፣ ቦታው ላይ ካልነበረ ቃሉ ይወድቃል። ሰውየው «ይኸው እዩት» ብሎ ሰነዱን ወይ ሳንቲሙን ወይ ስሌቱን ፊትህ ሲያስቀምጥ ግን የምትመረምረው ያስቀመጠውን ነው፣ ማንም ያስቀምጠው። የመጀመሪያው ምስክርነት ነው፣ ሁለተኛው አርጊውመንት ነው። ፍርድ ቤትም ቢሆን ምስክሩ ከባለጉዳዩ ጋር ጠብ አለው ወይ ዝምድና አለው ተብሎ ይጠየቃል፣ ጠበቃው የሕግ አንቀጽ ጠቅሶ ሲከራከር ግን የሱን ጠባይ ማንም አይጠይቅም፣ አንቀጹ ነው የሚነበበው። ፍሬሽማን ኮርስ ላይ «ሰውን ከነካህ ፋላሲ ነው» ተብሎ በጥድፊያ ስለሚታለፍ ተማሪው ይሄን ልዩነት ሳይዝ ይወጣል፣ ከዛ ምንጭ የጠየቀውን ሁሉ ተሳዳቢ አድርጎ ያየዋል።

አሁን ወደ ሴሩሊ እንምጣ። ምሁሩ ስለሱ ያሉት ነገር ውሸት አይደለም። ሴሩሊ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከትልልቆቹ ሹማምንት አንዱ ነበር፣ ከ1939 እስከ 1940 የሐረር ገዢ ሆኖ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ በጦር ወንጀል ይጠየቁልኝ ብላ ካቀረበቻቸው ስሞች ውስጥም አለበት። ይሄን ፔፐርህ ውስጥ አንድም ቦታ አልጻፍክም ነበር፣ የላክልኝን አንብቤዋለሁ፣ «ታዋቂው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ» ብለህ ነው ያለፍከው። እዚህ ላይ ምሁሩ ቢቆጡ አልፈርድባቸውም። እዚህ አገር ላይ የዛ ዘመን ቁስል ያለባቸው ቤተሰቦች አሉ፣ የገዢውን ስም ያለ ምንም ማብራሪያ በምስጋና ሲጠራ መስማት ያማል፣ የታሪክ ተማሪ ደሞ ምንጩ ማን እንደነበር መናገር ሥራው ነው።

ግን ይኸው ሰው በ1936 የሐረርን ቋንቋና ታሪክ መጽሐፍ አሳትሟል፣ በ1942 ደሞ ከ16ኛው መቶ ዓመት እስከ ግብጾች መግባት እስከ 1875 ድረስ ስለ ሐረር አሚሮች ለብቻው ጽፏል፣ በነዚህ ላይ ሳይደገፍ ስለ አሚሮቹ ዘመን የጻፈ ተመራማሪ ብዙም አታገኝም። እዚህ ሥራው ውስጥ የሚያደርገው ምንድነው? ጽሑፍ ያቀርባል፣ ስም ያቀርባል፣ የሒጅራ ዓመት ያቀርባል። ይሄ «እዩት» የሚባለው ዓይነት ነው። አሚሩ የሞተበት ዓመት ተሳስቷል ካልክ ዓረብኛውን አንብበህ፣ ሌላ የእጅ ጽሑፍ አምጥተህ፣ ሳንቲም አምጥተህ ታሳየዋለህ። ፋሺስት መሆኑ ዓመቱን ወደፊትም ወደኋላም አይገፋውም። ሴሩሊ ተነስቶ «የሐረር ሕዝብ በኛ አስተዳደር ደስተኛ ነበር» ቢልህ ኖሮ ግን ወዲያው ሹመቱን ታነሳለህ፣ ምክንያቱም ያኔ ቃሉን ብቻ ነው የሚሰጥህ፣ የሚናገረውም ለራሱ የሚጠቅመውን ነው።

እንግዲህ የምሁሩን ትችት በጣም ጠንካራ በሆነ መልኩ አስበው፣ እሳቸው በንዴት ስላሉት ሳይሆን ረጋ ብለው ቢያስቡበት ሊሉት ይችሉ የነበረውን። ጣልያን በወረራው ጊዜ ሙስሊሙን ወደራሷ ለመሳብ የተለየ ፖሊሲ ነበራት፣ መስጊድ ታሠራ ነበር፣ ዓረብኛን ታበረታታ ነበር፣ አገሪቱን በብሔርና በሃይማኖት ከፋፍላ ለመግዛት ነው። ስለዚህ የሐረርን እስላማዊ ታሪክ የሚያጠና ሹም ጥናቱ ከፖሊሲው ጋር አይነካካም ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ የትኛውን ሰነድ መረጠ፣ የትኛውን ተወ፣ ማን ነው ቤቱን ከፍቶ የእጅ ጽሑፍ ያሳየው፣ ማንስ ፈርቶ ደበቀ። ይሄ ቁም ነገር ነው፣ ፔፐርህ ውስጥ ቢገባ ፔፐርህ ይከብራል። ግን ልብ በል፣ ይሄ ጥያቄ እንኳን የሚነግርህ ምን ሊጎድል እንደሚችል ነው፣ የተጻፈው ውሸት ነው ብሎ አይነግርህም። «ጥቅም ነበረው» ከሚለው ተነስቶ «ስለዚህ ተሳስቷል» ላይ መድረስ ዝላይ ነው፣ መሐል ላይ ማስረጃ ይጎድላል።

ማስረጃ ማለት ምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ክርክሩ በሙሉ የሚያልቀው እዚህ ነው። የሐረር አሚሮች ገንዘብ ያስመቱ ነበር፣ መሐለቅ የሚባለውን፣ የአሚሩ ስምና የሒጅራ ዓመት ያለባቸው አሉ። ይሄ ሴሩሊ ከመወለዱ በፊት የተመታ ነው፣ ፋሺዝምን አያውቅም። ሪቻርድ በርተን ደሞ በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሚር አህመድ ኢብን አቡበክርን አግኝቶ ጽፏል፣ ስለዚህ ለዛ ዓመት ከሴሩሊ ውጪ የሆነ ምስክር አለህ። በርተንም ቢሆን መልአክ አይደለም፣ በነጋዴ ዓረብ ልብስ ተለውጦ የተነሳ የእንግሊዝ መኮንን ነው፣ ስለ ከተማው ሰው የጻፈው ስድብና ንቀት ዛሬም ሲነበብ ደም ያፈላል። እሱንስ ምን እናድርገው? ስለ ሐረር ሰው ጠባይ የፈረደውን ፍርድ እንደ አንድ ትዕቢተኛ ሰው ቃል አንብበህ ታልፈዋለህ፣ ግንቡ አምስት በር አለው ያለውን ግን በሮቹን እየዞርክ ማረጋገጥ ትችላለህ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ያስገባውን የሐረሪ ቃላትና ሰዋስው ደሞ ቋንቋውን የሚናገር ሰው አጠገብህ አስቀምጠህ ቃል በቃል ትፈትነዋለህ። አንድ ሰው፣ አንድ መጽሐፍ፣ ግን ሦስት ዓይነት አያያዝ።

ሌላ ደሞ አለ። ሒጅራው የጨረቃ ዓመት ስለሆነ 354 ወይ 355 ቀን ነው፣ ከፈረንጁ ጋር እኩል አይሄድም። ለምሳሌ 1057 ሒጅራ የሚጀምረው በየካቲት 1647 ነው፣ የሚያልቀው በጥር 1648 ነው፣ ስለዚህ ወሩ ካልተጻፈ አንዱ ተመራማሪ 1647 ሌላው 1648 ቢል ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰንጠረዥህን ሳየው የፈረንጁን ዓመት ብቻ ነው የደረደርከው፣ ሒጅራውን ትተኸዋል። አንድ ሰው ተነስቶ «ሴሩሊ እዚህ ጋ በአንድ ዓመት ተሳስቷል» ቢልህ ምን ትመልስ ነበር? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቢመጣ ሴሚናሩ ሴሚናር ይሆን ነበር፣ አንተም ተምረህ ትወጣ ነበር። የሚያሳዝነኝ ስድቡ ብቻ አይደለም፣ ስድቡ የሚበላው ሰዓት ነው፣ ያቺ ለጥያቄ የተሰጠች ትንሽ ሰዓት «ማን የማን ልጅ ነው» በሚል ስታልቅ ሰንጠረዡን ያየው የለም።

ምንጭን በማንነቱ መመዘን እንዴት በሥርዓት እንደሚሠራ ለማየት ደሞ ሩቅ መሄድ የለብህም፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር መድረሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) የተማረ ሽማግሌ ጠይቅ። የሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ሊቃውንት ጀርሕ ወተዕዲል የሚሉት ሙሉ የትምህርት ዘርፍ አላቸው፣ ሐዲሱን ያስተላለፈውን ሰው የሚመዝኑበት፣ ማን ይታመናል ማን አይታመንም። ማለትም ሰውን መመርመር ነው ሥራው በሙሉ። ግን በመላ አይደለም የሚሠሩት። የሰውየውን ሃቀኝነት (ዐዳላ) ለብቻ ያያሉ፣ የማስታወስና የመጠንቀቅ ችሎታውን (ዶብጥ) ለብቻ ያያሉ፣ ምክንያቱም ጻድቅ ሆኖ የሚረሳ ሰው አለ። አንድን ሰው «ደካማ ነው» ብሎ የጣለ ደሞ ለምን እንደጣለው እንዲያብራራ ይጠየቃል፣ በተለይ ሌላው ያመነውን ሰው ከሆነ የጣለው። እኔ በጣም የምወደው ግን ይሄን ነው፣ በ1348 የሞተው ትልቁ ሊቅ አዝ-ዘሃቢ በአንድ ዘመን የኖሩ እኩያ ሊቃውንት አንዱ ስለሌላው የሚናገረው ክፉ ቃል ከቁብ አይቆጠርም ብሏል፣ በተለይ ከጠላትነት፣ ከመዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ወገን) ልዩነት ወይም ከምቀኝነት የመጣ መሆኑ ከታየ። ሰው ተፎካካሪውን እንደሚጠላ አውቀው በመርህ ደረጃ ዘግተውታል! ትልቁ የሐዲስ ሰብሳቢ ኢማም ቡኻሪ ራሱ ከኸዋሪጁ (ከብዙኃኑ ከተለየው የጥንት ቡድን) ከዒምራን ኢብን ሒጣን ሐዲስ ወስዷል፣ ሰውየው በአቋሙ የተወገዘ ሆኖ ሳለ። ብዙዎቹ ሊቃውንት እንዲህ ባለው ላይ የሚያስቀምጡት ጥንቃቄ ደሞ ሰውየው እውነተኛ መሆኑ ከታወቀ ይወሰድለታል፣ የራሱን ቡድን የሚደግፍ ነገር ሲያመጣ ግን ጠበቅ ተደርጎ ይታያል የሚል ነው። እስቲ ይሄን ሴሩሊ ላይ አስቀምጠው። የጣልያንን አገዛዝ የሚያሞግስ ነገር ሲያመጣ ጠበቅ፣ የአሚሮች ስም ሲያመጣ ግን ምርመራው እንደማንኛውም ሰነድ ነው። ምሁሩ «የጀጎልን ነገር አታውቅም» ሲሉህ ይቺ እዛው ጀጎል ውስጥ ለስንት ትውልድ ስትሰጥ የኖረች ትምህርት መሐላችሁ ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚህ ወጣ ብለን አንድ ትልቅ ክርክር ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ያንተን ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ታውቃለህ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ጻፈው የሚባለውን። የእጅ ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ፓሪስ ለተመራማሪው ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን ማኅበር ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ነው። በ1920 ጣልያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነስቶ ይሄን የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ኮንቲ ሮሲኒ ደሞ በ1935 ወረራውን የሚደግፍ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ነው። ብዙ ወዳጆቻችን እዚህ ጋ ሲደርሱ «በቃ፣ ፋሺስት ነው፣ አበሻ ማሰብ አይችልም ብሎ ነው» ብለው ይዘጉታል። እኔም ሰውየውን አልወደውም። ግን በ1934 ያንኑ መደምደሚያ የደገፈው ኦይገን ሚትቮኽ ነው፣ እሱ ደሞ ናዚዎች ከሥራው ያባረሩት፣ ጀርመንን ጥሎ ሎንደን ላይ የሞተ አይሁዳዊ ሊቅ ነው። እሱን ምን ብለህ ትሰድበዋለህ? አየህ፣ በሰውየው ማንነት ያፈረስከው አርጊውመንት ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ይቆማል፣ ምክንያቱም አልነካኸውም።

እውነተኛ መልስ የሰጡት ሌሎች ናቸው። ክሎድ ሰምነር የሚባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) ቄስ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት፣ ሐተታውን ከዳ ኡርቢኖ ደብዳቤዎች ጋር እያስተያዩ፣ አጻጻፉን እየመረመሩ በብዙ ቅጽ ተከራከሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደሞ መጀመሪያ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነበሩ፣ በኋላ ግን ደግመው አይተውት የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደሚለው ዞሩ፣ ያን ያህል ግዕዝ የሚያውቅ ሰው አቋሙን በአደባባይ ሲቀይር ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም፣ ጽሑፉ የዳ ኡርቢኖ ነው የሚሉ ጠንካራ ተመራማሪዎች አሁንም አሉ። እዚህ ውስጥ የሰው ማንነት የሚነሳበት ትክክለኛ ቦታ የቱ ነው ካልከኝ፣ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ነው። የእጅ ጽሑፉን አገኘሁት የሚለው እሱ ነው፣ ያ የሱ ምስክርነት ነው፣ ስለዚህ ስለ ሃይማኖቱ ምን ያስብ ነበር፣ ግዕዙ ምን ያህል ነበር፣ ለዳባዲ ምን ሊያሳይ ፈልጎ ነበር ብሎ መጠየቅ ሥራው ነው። ኮንቲ ሮሲኒም የተጠቀመበት የአንድ ካቶሊክ ቄስ ምስክርነት ነበር፣ ያም ቄስ ከማን ሰማ ተብሎ መጠየቅ አለበት። የኮንቲ ሮሲኒ የፖለቲካ አቋም ግን አርጊውመንቱን አይነካውም። ሐተታውን የተጠራጠረውን ሁሉ አገር ጠል፣ የደገፈውን ሁሉ ስሜታዊ ማለት ሁለቱም አንድ በሽታ ነው፣ እና እባክህ ሁለቱንም አትላመድ።

ሐረር ላይም የዚህ ዓይነት አለ። ኤኒድ ስታርኪ በ1937 ሐረር ላይ ነጋዴ የነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ ራምቦ ባሪያ ይነግድ ነበር ብላ ጽፋ ብዙ ሰው ተቀብሎት ኖሯል፣ በ1962 ማሪዮ ማቱቺ ሰነዶቹን ደግሞ አይቶ ውድቅ አደረገው። ስታርኪ ማናት፣ ሴት ናት፣ አይሪሽ ናት አላለም፣ ወረቀቱን አነበበ፣ በቃ።

አሁን «የከዚራ ልጅ» ወደሚለው። የትውልድ ቦታ ዓመት አያሳስትም፣ ያ ግልጽ ነው። ግን እዚህም ውስጥ የተደበቀች አንዲት ትክክለኛ ጥያቄ አለች፣ እሷን ለይተህ አውጣት፦ ዓረብኛ ታነባለህ ወይ? ሐረሪ ታውቃለህ ወይ? ይሄ የችሎታ ጥያቄ ነው፣ የዘር አይደለም። ጀጎል ውስጥ ተወልዶ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ሰው አለ፣ ከሩቅ መጥቶ ዕድሜውን በዚህ ጥናት የጨረሰ እንደ ጀርመናዊው ኤዋልድ ቫግነር ያለ ሰውም አለ፣ ፈትሕ መዲነት ሐረር የሚባለውን ጽሑፍ በ1978 ታሪኩን ከአፈ ታሪኩ እየለየ ያጠና። ችሎታህን የሚጠራጠር ሰው ደሞ ያነበብከው የቱ ቃል ላይ እንደተሳሳትክ ማሳየት አለበት። አንተ ዓረብኛውን በጣልያንኛው በኩል እንዳነበብከው ከፔፐርህ ይታያል፣ ስለዚህ ይሄን ራስህ ቀድመህ ጻፈው፣ ያነበበልህም ሰው ካለ በስሙ አመስግነው። እኛ ድሬዎች ደሞ እንደምታውቀው የማን ልጅ ነህ ተባብለን አላደግንም አቦ፣ ከተማዋም በ1902 ባቡሩ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ስላቃተው የተቆረቆረች ናት፣ ሐረርጌውም ሶማሌውም ግሪኩም ዓረቡም ባንድ ሰፈር የኖረባት። እዛ አዳራሽ ውስጥ ያ ቃል ሲወረወር ለምን እንደተሰማህ ይገባኛል። ቢሆንም ያንን ንዴት ፔፐሩ ውስጥ አታስገባው።

ያንተ መልስ። «ስንት ዓመት አላሳተሙም» ያልከው እሳቸው የሠሩትን ነው የደገምከው፣ ባለፉት ዓመታት ምንም ባያሳትሙ ሴሩሊ ላይ ያሉት ልክ ሊሆን ይችላል። «አድ ሆሚነም ነው» ብለህ መጮህም ብቻውን መልስ አይሆንም። የፋላሲ ስም መጥራት የተናገረውን ሰው መንገድ ጎደሎ መሆኑን ያሳያል፣ ያንተን ፔፐር ትክክል አያደርገውም፣ መጥፎ ምክንያት የሰጠ ሰው መደምደሚያው እውነት ሊሆን ይችላል። በዛ ላይ አዳራሽ ውስጥ የላቲን ስም ስትጠራ የሚሰማህ ሰው «ሰደበኝ» ብሎ ነው የሚያስበው፣ በተለይ ታላቅህ ከሆነ። ስሙን ተወውና ጥያቄውን ጠይቅ። «ዶክተር፣ የሴሩሊን ሹመት በተመለከተ ልክ ነዎት፣ ፔፐሩ ውስጥ መግባት ነበረበት፣ አስገባለሁ። ከሰንጠረዡ ውስጥ የተጠራጠሩት የትኛውን አሚር ነው?» ይቺን ብትል ሁለት ነገር ይሆናል፣ ትክክለኛውን ተቀበልክ፣ ኳሱን ደሞ ሰንጠረዡ ላይ አስቀመጥከው። አንድ አሚር ከጠሩ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። ካልጠሩ ደሞ አዳራሹ ራሱ ያያል፣ አንተ ምንም ማለት የለብህም።

ፔፐርህ ውስጥ ያየሁትን አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ሳትሰደብበት ስላለፈ ነው እንጂ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። አንዱ ገጽ መጨረሻ ላይ «ከአሚር ኑር በፊት ከተማው አጥር እንዳልነበረው ሰነድ ባለመኖሩ ግልጽ ነው» ብለሃል። ጀጎልን በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አሚር ኑር እንዳሠራው ትውፊቱ ይናገራል፣ እሺ። ግን ሰነድ አለመኖሩ አጥር አለመኖሩን አያሳይም፣ የሚያሳየው ሰነድ አለመኖሩን ነው። እንዲህ ማለት የምትችለው ቢኖር ኖሮ የግድ ይጻፍ ነበር፣ የተጻፈውም የግድ እኛ ዘንድ ይደርስ ነበር ብለህ ማሳየት ስትችል ብቻ ነው፣ እሱን አላሳየህም። «ሁሉም የሐረር ሰው ያውቃል» የምትለዋም ሁለት ቦታ ላይ አለች፣ አውጣት፣ ወይ ማን እንደነገረህ፣ እሱስ ከማን እንደሰማ ጻፍ።

ሪቪዥኑ ላይ እንግዲህ መግቢያው ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ አስገባ፦ «የዚህ ጥናት ዋና ምንጭ ኤንሪኮ ሴሩሊ በጣልያን ወረራ ዘመን ከፍተኛ ሹም፣ ኋላም የሐረር ገዢ የነበረ ነው። የወረራው መንግሥት ለሙስሊሙ ኅብረተሰብ የነበረው ፖሊሲ በሰነድ ምርጫው ላይ ተጽዕኖ አድርጎ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ጥናቱ የሴሩሊን አስተያየትና እሱ ያሳተማቸውን ጽሑፎች ለይቶ ይጠቀማል፤ ዓመቶቹም በተቻለ መጠን ከሳንቲሞችና ከሌሎች ምስክሮች ጋር ተነጻጽረዋል።» ከዛ ቃልህን ጠብቅ፣ በእውነት አነጻጽር። ሰንጠረዡን ስም፣ ሒጅራ፣ ፈረንጅ፣ ሴሩሊ ያለው፣ ሌላ ማስረጃ ብለህ እንደገና ሥራው፣ ሌላ ማስረጃ የሌለበትን ባዶ ተወው፣ ባዶ ቦታ አያሳፍርም። ሐረር ሸሪፍ ሙዚየም ሄደህ የእጅ ጽሑፎቹንና ሳንቲሞቹን አይተህ ና፣ ከድሬ ጠዋት ብትወጣ ማታ ትመለሳለህ።

ለዲፓርትመንቱ ልክሰስ ወይ ላልከው፣ እኔ ብሆን በዚች አንዲት ቃል አልከስም፣ ከተደጋገመና ውጤትህ ላይ ከመጣ ግን በጽሑፍ፣ ቀኑንና ቃሉን ይዘህ ለአድቫይዘርህ ንገር፣ ያ መብትህ ነው። ከዛ በፊት አዲሱን ሰንጠረዥ ይዘህ ቢሮአቸው ሂድ። ስለ አርቲክሉ ያልከውን ይቅርታ ጠይቅ፣ የሳቸውን አትጠብቅ፣ ቀጥለህ ሰንጠረዡን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥና የትኛው ዓመት እንደሚያጠራጥራቸው ጠይቃቸው። አንድ እንኳን ምልክት ካደረጉልህ ግርጌ ማስታወሻ ላይ በስማቸው አስገባው። ካላደረጉም ሪቪዥኑን በቀኑ አስገባ።